ሆዴ ነገረኝ

ሴቱባል ወደብ ዳር፣ በተዘጋው የሰርዲን ፋብሪካ፣
ኢዳሊና ቆማለች፣ ግድግዳውን በስንዝር ስትለካ።
ሠላሳ አንድ ዓመት እዚሁ፣ ዓሣ በቆርቆሮ ያሸገች፣
ከቢላ ጠባሳ በቀር ማስረጃ በእጇ ያልያዘች።
እኔ መሰላል ያዥ ነኝ።

ከማዘጋጃ ቤት የመጣው መሐንዲስ መነጽሩን ወልውሎ
ጠየቀ፣ «ፕላኑስ የት አለ? ማንስ ፈረመበት?» ብሎ።
«ሆዴ ነገረኝ» አለችው።
ሳቀ። «ሆድ ደግሞ ስለ ሙዚየም ምን ያውቃል?»
«ባዶውን የከረመ ሆድ የጎደለውን ይለያል።»

የመብራት ቤቱ ጠባቂ፣ ዜፌሪኖ፣ ሞቶ፣
ልጁ ሊማግደው ነበር ወረቀቱን ጓሮ አውጥቶ፤
ደረሰች። በማዕበል መዝገቡ ጀርባ በየሌሊቱ የሳለው
አራት መቶ ሞገድ ነው፣ አንዱ አንዱን የማይመስለው።
ያለ ክፈፍ፣ ዓሣ በሚንጠለጠልበት መንጠቆ ሰቀልነው፤
ነፋስ ሲገባ ይናወጣል። «ተዉት» አለች፤ ተውነው።

ደግሞ የኦዴቴ ባሕር አለ፤
ካልተመለሰው ባሏ ሸሚዞች አዝራር እየነቀለች
የሰፋችው፣ ሰማያዊ ብርድ ልብስ ሙሉ። አድማሱ ጋ
አንድ አዝራር ይጎድላል።
ልሙላው ብዬ መርፌ ባነሣ እጄን መታችኝ።

የተከፈተ ቀን ዘነበ። አሥራ አንድ ሰውና አንድ ውሻ መጣ።
ሲመሽ መሐንዲሱ ብቻውን፣ ካፖርቱ ውሃ እየጠጣ፣
አዝራሮቹ ፊት ቆመ። ቆየ።
የገዛ ደረቱን ዳበሰ፣ የላላች ክር አገኘ፣
ዘወር ብሎ እኛን አየ።
ኢዳሊና መብራት ልታጠፋ የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች።
«መሰላሉን አምጣ» አለችኝ በሹክሹክታ።
ምን ልትሰቅል እንደሆነ አልጠየቅኳትም።