ከራስጌዬ በላይ

ዊትስከ ከላይ ፎቅ ወርዳ አንኳኳች በሬን፣
ጠመኔ በእጇ ይዛ፣ ልትለካ ጣሪያዬን።
«ላመርት፣ ላስቸግርህ፤ የዓሣ ገንዳ ልገዛ ነው፣
ያ የጥርስ ሐኪም ጡረታ ሲወጣ የሚሸጠው።
አራት መቶ ሊትር፤ ድንጋዩ፣ አሸዋው ሲጨመር
ከግማሽ ቶን ያልፋል። አልጋህ ከሥሩ ነው። ብንነጋገር…
አይሆንም ካልክ ይቅር።»

አውቀዋለሁ ገንዳውን። አሥራ ዘጠኝ ዓመት
መንጋጋዬን ይዤ ተቀምጬ ከፊት፣
እንደኔው ተራውን የሚጠብቅ መስሎኝ
አንድ ብርቱካናማ ዓሣ ሲያፈጥብኝ።

ዝም አልኳት ጥቂት።
ስድስት ዓመቴ ነበር። ነፋስ ነው፣ ሌሊት፤
ዜላንድ ላይ ግድቡ ተጥሶ በድንገት
ባሕሩ በደረጃው ወደ ላይ ወጣብን፣
አንዱን እርከን ሲውጥ ሌላውን እየቆጠርን።
ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤
የዚያ ሌሊቱ ግን ያለ ሳቅ ወስዷል፤
የግድግዳውን ሰዓት፣ ላሟን፣ ያኮሚናን፣
የአባቴን የእሑድ ባርኔጣ፣
አንድ ጫማዬን።

«አንኳኪ» አልኳት። ወጣች በካልሲዋ፣
ካልጋዬ ላይ ቆማ፣ ጣሪያው ላይ ጆሮዋ።
ባዶው እንደ ከበሮ፣ እንጨቱ ግን ያምቃል፤
ባመቀበት ሁሉ ጠመኔ ይጫራል።
ስድስት አግዳሚ ነው፣ ከመንገድ ወደ ጓሮ።
«ገንዳው» አለች፣ «እንግዲህ፣ በነሱ ላይ ተሻግሮ
ከወፍራሙ ግድግዳ ተጠግቶ ይቀመጥ፤
ባንድ እንጨት ከቆመ ያ አንዱ ነው የሚያምጥ።»

የጥርስ ሐኪም ገንዳ! ጥርሱን ሳይፋቅ ኖሮ
ጠርዙ በነጭ ድንጋይ ዙሪያውን ታጥሮ።
በኮምጣጤ ፈተገች፤ ሳሙና አላስነካችም፤
«ሳሙና የቀመሰ መስታወት አይረሳም»
እያለች። ከዚያ ጓሮዬ፣ ደልዳላ ጣውላ ላይ፣
እስካፉ ሞላችው፤ ጋዜጣ አነጠፈች ጠብታውን ልታይ።

ቀን አንድ፣ ደረቅ።
ቀን ሁለት፣ ደረቅ።
በሦስተኛው ንጋት አንድ ጥግ ላይ፣ የሳንቲም ያህል፣
ጋዜጣው ረጥቧል።

እኔ ነኝ ያየሁት። ተንበርክኬ በጣቴ ነካኋት፤
እጄን አልጠረግኩም፣ ማታ እስክነግራት።

አልተናደደችም። ያረጀውን ሙጫ በምላጭ ፋቀችው፣
ያንዱን ጥግ ብቻ አይደለም፣ ሁሉንም ላጨችው፤
አዲሱ በአሮጌው ላይ አይዝም ነውና።
ሳምንት አደረቀች፣ ሦስት ቀን ሞላች እንደገና።

በሃርለም ደረጃ ሬሳም ቆሞ ነው የሚወርድ፤
ገንዳው በመስኮት ገባ፣ ከጣሪያ መንጠቆ በገመድ፤
ወንድሟ ሲርክ ሲስብ፣ ፖስተኛው ሲመክር፣
ባዶው መስታወት ሰማይ ሞልቶት ሲዞር።

ለውሃ ልኩ ውሃ ልክ ነው፤ አረፋዋ መሐል ስትቆም
ሩቡን ሞልታ ወረደች፣ ጣሪያዬን ልትጠይቅ፣ እኔንም።
ግማሹን ሞልታ ወረደች። ሦስት አራተኛ። ወረደች።
በመጨረሻ ሽቦውን ከሶኬቱ ዝቅ አርጋ አጠፈች፣
ጠብታ ቢከተለው
ወለል ላይ እንዲቀር፣ ወደ እሳት እንዳይገባ ብላ ነው።

ስድስት ሳምንት ዓሣ የለም። ውሃ፣ መብራት፣ ዝምታ፤
ዓይን የማያየው ነፍስ እስኪራባ በእርጋታ
ትጠብቃለች። እኔም ከሥር እጠብቃለሁ።
ሞተሩ ሌሊቱን ያንጎራጉራል፤ እሰማለሁ።
አልጋዬን አላነሳሁም።

ትናንት ጠራችኝ። አሥራ ሁለት ዓሦች፣ የጥፍር ያህል።
«አንዷን ስም አውጣላት» አለች።
ስሙ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መለስኩት።
«ዋና ለሚያውቅ» አልኳት፣ «ስም ምን ያደርግለታል?»

ጉልበቴን ይዤ፣ እርከኖቹን እየቆጠርኩ፣ ወረድኩ።