የመድፈኛው ደረት

በራምላ መካነ መቃብር፣ በረድፍ ዐሥራ ሁለት፣
የሣር ማጨጃዬን አጥፍቼ ላብ የጠረግሁ ለት፣
አንዲት ሽበታም ሴት፣ ኮፍያ የደፋች፣
ከሻለቃው ድንጋይ ሥር ቁጢጥ ብላ፣ ስታየኝ ተነሣች።
«የልጅ ልጁ ነኝ» አለች በዝግታ እንግሊዝኛ፣
እንደኔ ላለ ጆሮ፣ ለማታ ትምህርት ደንበኛ።

ከቦርሳዋ አወጣች የብስኩት ቆርቆሮ፣
ክዳኑ የዛገ፣ ጠርዙ ተሸርሽሮ፤
ውስጡ ጥጥ ነበረ፤ በጥጡ ላይ ሜዳይ፣
አምስት፣ እንደ እጅ ጣት፣ ጎን ለጎን የሚታይ።
ሻለቃ ሂዩ ፔንዳርቪስ፣
መድፈኛ መኮንን፣ ሎሌ ለሦስት ንጉሥ።

ይኼ ለህንድ ጠረፍ፣ ገና ጢሙ ሳያበቅል፣
መድፉን ፈታትቶ በስምንት በቅሎ ሲያድል፤
አንዷ በቅሎ ገደል ገባች ከነመንኮራኩሯ፤
ለእናቱ የጻፈው ስለ እሷ ብቻ ነው፣ ስለ ዐይኗና ስለ ግንባሯ።

ይኼኛው ሐምራዊው፣ አረንጓዴ መኻሉ፣
ለዚህችው አገር ነው፤ «ፍልስጥኤም» ይላል ዘለበት ላይ ቃሉ፤
ዐረቦቹ ባመፁ ጊዜ፣ ከሎድ እስከ ናብሉስ፣
መንገድ ሲጠብቅ፣ ቤት ሲያፈርስ…
እዚህ ላይ ድምጿ ሰለለ፤
ከአጥሩ ማዶ የቀትር አዛን ቀጠለ።

ይኼ ኮከብ፣ ሪባኑ አሸዋ የመሰለ፣
ያፍሪቃን ጦር ላየ ሁሉ የታደለ፤
ይኼ የመጨረሻው ጦርነቱን ለተረፈ፤
እሱም ተርፎ ነበር፤ ከሰላሙ አንድ ክረምት እንዳለፈ
በላትሩን መንገድ ጂፑ ተገለበጠ፣
ብርቱካን ለጫነ ጋሪ መንገድ እንደሰጠ።

«ይኼ ግን…» ብላ የብሩን መስቀል አነሣችው፤
ነጭ፣ ሐምራዊ፣ ነጭ ሪባን፤ ከጉንጯ አስነካችው።
ወረቀት ዘረጋች፣ እጥፋቱ የሳሳ፦
«በኅዳር፣ በጎንደር ግንባር፣ ከንጋት እስከ ምሳ፣
በጣሊያን እሳት ሥር፣ ከጉብታው ሳይነሳ፣
ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ጥይት አስተኮሰ፤
አንዱም ዒላማውን አልሳተ፣ አንዱም አላነሰ።»

ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት።
እኔ የማውቀው አንዱን ነው፤ የወደቀበትን ቤት።

የአባቴ አጎት ቢያድግልኝ፣ የቀይ አፈር ቀጥቃጭ፣
ብረት አግሎ ሳለ ከሰማይ መጣ አንድ ፉጨት፣ ሰፈር ላጭ።
ወናፉን ከዋርካ ላይ አወረዱት ማታ፤
እሱን ግን በቁና ለቀሙት፣ እንደ ባቄላ፣ በዝምታ።
ወንድሙ፣ አያቴ፣ የመድፉን ስብርባሪ ለቅሞ፣
ከሰል አቀጣጥሎ፣ ሌሊት ለብቻው ቆሞ፣
ማረሻ ቀጠቀጠ። ገበያ አወጣ። ሸጠ።
ለገዛው ሰው ግን፣ ብረቱ ከየት መጣ፣ ትንፍሽ አላለም፤ ዋጠ።

«ጎንደር» አለች ሮዌና፣ «ታውቀዋለህ? ያምራል?»
«አዎን» አልኋት፤ «በኅዳር ሰማዩ ይጠራል።»

ሜዳዮቹን በድንጋዩ ጫፍ ደርድራ ስልኳን ሰጠችኝ፤
ሁለት ጊዜ አነሣኋት፤ አንዴ ዐይኗን ጨፈነችብኝ።
ከዚያ ታክሲው ጡሩንባ ነፋ፤
ኮፍያዋ ከጥዶቹ ጀርባ ጠፋ።

በየድንጋዩ ጠጠር ማኖር ልማዴ ነው፣ በየሐሙሱ፣
ቄስም ረቢም ሳያዝዘኝ፣ ጠያቂ ላጡ፣ ለነሱ።
ለሻለቃው ዐሥራ አንድ ዓመት አኖርሁ፣ ስሙን ብቻ እያነበብሁ፤
ዛሬም አንዲት ጠጠር አንሥቼ
በመዳፌ አገላበጥሁ።
ፀሐይ አግሏታል።
ኪሴ ከተትኋት።

ውሃው ዐሥር ሰዓት ይለቀቃል፤ ረድፍ ዐሥራ ሦስት ገና አልታጨደም፤
የማጨጃውን ገመድ ሳብሁ፤ በመጀመሪያው አልነሣም፣
በሁለተኛውም።