አራት ምት ዝምታ

ብርድ ልብስ ፋብሪካው፣ ከሱፉ መጋዘን፣
የደብረ ብርሃን ውርጭ ጣት እየቆነጠጠን፣
አንድ ካሴት ቀዳን፤ ሰባት ሆነን።

እኔ ድራም መቺ፤ ሳክስፎን ነፊው አጎናፍር።
የድሮ ሰው ነው፤ የወረደው ዘውድ እሱ ሆድ ያድራል፤
‹ጓድ!› ብለው ሲጠሩት፣ በደሞዝ ቀን ብቻ ‹አቤት› ይላል።
እኛ ጎረምሶቹ፣ በመፈክር ሰክረን፣
‹አድኃሪ› አልነው፤ ሲጋራውን ግን ተካፈልን።

አዝማቹ ‹ወደፊት!› ሲል ስድስታችን ጮኽን፤
እሱ አራት ምት ዝም።
ከንፈሩ ናሱ ላይ፣ ዓይኑ ጣሪያው ላይ።
ከዚያ ገባ ደግሞ፣ ማንንም ሳያይ።

ጠባሴ ሱቁ ውስጥ፣ አሳታሚው ሸዋቀና
ለሽፋኑ ስድስት ስም ብቻ መረጠ፤
«ያኛው ትንፋሽ ያጥረዋል» ብሎ ሰባተኛውን ቆረጠ።
ለእሱ ቀዩም ነጩም ያው ነው፣ ካሴቱ ከተሸጠ።

ዛሬ ቴፑ የበላውን ክር በእስክሪብቶ እጠመጥማለሁ።
በዘውዱ ነገር አሁንም ከአጎናፍር እጣላለሁ፣
አፈሩ ይቅለለውና።
አዝማቹ ሲቃረብ ግን ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ።
ያቺን ክፍተት ልሞላት እችል ነበር፣ በዱላዬ ምት፤
ለምን እንዳልሞላኋት እንጃ። ብቻ፣ ተውኳት።