ሌባሻይ በሳስካቱን

ሰኞ ማለዳ፣ ውጪው ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፣
ወንዙ ድልድዮቹን ተንተርሶ በረዶ ሆኗል።
ብረቱ በእርሳስ ማሰሮ ተከድኖ በመኪና መጣ።
ዚርኮኒየም ይሉታል። ዕድሜው አጭር ነው፤
በሦስት ቀን ከሩብ እኩሌታው ያልቃል።
ስለዚህ እኛ ክፍል ማንም አይዘገይም፣
ሻይ እንኳ ቆመን ነው የምንጠጣው።

ኦረስት ሃሊቹክ ክንዱን ዘረጋልኝ፤
የዋካው ገበሬ፣ ሰባ አራት ዓመቱ፣
አምስት መቶ ሄክታር ምስር የሚዘራ።
አምና ከጉበቱ ቁራሽ አንሥተውለት
ድነሃል ብለውት ነበር፤
ዘንድሮ የገዛ ደሙ መልሶ ከሰሰው፣
ቁጥሩ በየወሩ ሽቅብ ይወጣል።
ሲቲ ስካኑ ግን «አላየሁም» ባይ ነው።
ሌባ አለ። ቤቱ አልታወቀም።

«ይርገዱ» አለኝ፣ ስሜን ሳይሰብረው፣
«ይሄ ነገር የት እንደሚሄድ ማን ነገረው?»

ፀረ እንግዳ አካል ነው፣ አልኩት፣ አንድ ምልክት ብቻ የተማረ፤
ዕጢው በቆዳው የሚያንጠለጥላትን አንዲት ጌጥ ያውቃል፣
ሲያገኛት ይጣበቃል፣ አይለቅም፤
ብረቱ ጀርባው ላይ ያዘለው ፋኖስ ነው።

ያልነገርኩት ሌላ ነው።

ድሮ በሞረት የአንድ ሹም በቅሎ ጠፋች።
ሌባሻይ ተጠራ፣ ሌባ የሚሻ፤
ለብላቴናው አስተናግር በወተት አጠጡት፣
ወገቡን በገመድ አስረው ለቀቁት።
ልጁ ሮጠ፣ ወደቀ፣ ተነሣ፣
አጥር ዘለለ፣ ውሻ አልጮኸበትም፣
ሄዶ ሄዶ ከቅድመ አያቴ ከጓንጉል መደብ ላይ ተጋደመ።
በቃ። ነገር አለቀ።
ማን ይጠየቅ? ልጁ እንቅልፍ ላይ ነው።
ጓንጉል ሁለት በሬ ከፈለ፣
ከዚያ ወዲያ ሸንጎ ፊት አፉን አልከፈተም።
በቅሎዋ ለመስቀል ከነኮርቻዋ ራሷ መጣች።
በሬዎቹን ግን የመለሰ የለም።

እኔም አሁን በመርፌ
ብላቴናውን በኦረስት ደም ውስጥ ለቀቅሁት፤
የገመዱ ጫፍ እጄ ላይ ነው።

ሂድ ልጄ፣ ተራመድ፣ በልብ በር ዝለቅ፣
ሳንባን አትቀስቅሰው፣ ኮቴህ አይታወቅ፤
ኩላሊት ጋ ስትደርስ ውሃ ጠጣና እለፍ፣
ማደሪያህ አይደለም፣ በሩ ላይ አትረፍ፤
የጉበት መንደሩ፣ ደጁ ሁሉ አንድ ዓይነት፣
ደከመኝ እንዳትል፣ እንዳትወድቅ በስሕተት፤
ጓንጉል መደብ ላይ የተኛህበት ሌሊት
አይደገም ዛሬ በዚህ ሽማግሌ ቤት።

ዓርብ ተመለሰ። ቦት ጫማውን አውልቆ ከማሽኑ ሆድ ገባ።
አርባ ደቂቃ፣ ትንፋሹን ብቻ እሰማለሁ።
ከዚያ በጥቁሩ ላይ አካሉ እንደ ጭጋግ ወጣ፤
በጭጋጉ ውስጥ፣ በስተቀኝ፣ ከሳንባው ወለል ሥር
አንዲት ነጥብ በራች።
ይኸው፣ አልኩ፣ እዚህ ተኝቷል።
ዝቅ ብሎ ግን፣ ከአሮጌው ስፌት አጠገብ፣
ሌላ። ፈዘዝ ያለች።

ሁለት ደጅ። እጄ ቀዘቀዘ።

ዶክተር ላቫሌ መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አጠለቀች።
«የላይኛዋን አልጠራጠርም።
የታችኛዋን ግን በብርሃን ብቻ አልፈርድባትም፤
ምስክር ይቆጠር። መርፌ ገብታ ትጠይቅ።»
ይህን ስትል፣
መቶ ዓመት የዘገየ ዳኛ
የጓንጉልን በር ያንኳኳ መሰለኝ።

መርፌዋ ጠየቀች። ጠባሳ ነው፣ አለች፣
ድሮ የዳነ፣ ከማንም ያልሰረቀ።

«የቀረችውስ ምን ታህላለች?» አለ ኦረስት።
«ምስር።»
ትንሽ አሰበ። «ቀዩን ነው አረንጓዴውን?»
«አረንጓዴውን።»
«እሱ ተለቅ ይላል» አለና ሳቀ፣
የሚያውቀው ነገር በማግኘቱ።
ሚያዝያ ሳይገባ ያቃጥሏታል። በግንቦት ይዘራል ወይ?
እኔ አላውቅም፣ የኔ ሥራ ደጁን ማሳየት ነው።

የዚያን ዓርብ ማታ ግን፣ ሁሉም ከሄደ በኋላ፣
ባዶ ከሚመስለው ማሰሮ አጠገብ ቆሜ ነበር።
ብረቱ ከእኩሌታው በታች ወርዷል፣
ቆጣሪው አልፎ አልፎ ጠቅ ይላል፣ ጠቅ።
ብላቴናው እየነቃ ነው፤
ማን እንደላከው፣ የት እንደወደቀ አያስታውስም።
ገመዱን ፈታሁለት።