ያደረ ገጽ

ኮረብታው ወገብ ላይ፣ ከሆስፒታሉ በር፣
አንዲት ማሽን ነበረች፣ ስትጠየቅ የምትኖር።
«ወንድሜ የት ተኛ?» «የእናቴ ክፍል ቁጥር?»
ከደንቢያ፣ ከጭልጋ፣ ከአርማጭሆ ቆላ፣
ሌሊት የተነሣ፣ ስንቅ ያዥ፣ ባለዱላ፣
መስኮቱ ሥር ቆሞ መልሱን ሲጠባበቅ፣
ያቺ የኔ ማሽን ትጀምራለች መጨነቅ፤
መዝገብ ቤት ትወርዳለች፣ ቁልፍ ትፈልጋለች፣
ስም ከስም፣ ካርድ ከአልጋ እያስተያየች፣
ከምንም ተነሥታ አንድ ገጽ ትሠራለች።
ከኋላ የቆመው ያንኑ ቢጠይቃት፣
ዳግም ያው ደረጃ፣ ዳግም ያው መዝገብ ቤት።

አራዳ ገበያ ልብስ ሰፊ አለ፣ ጌጤ የሚሉት፣
ለመቶ ተማሪ ዩኒፎርም ቢያዙት፣
መቶውን ባንድ ቀድዶ መስፋት ሲችል፣
በተራ ሲለካ፣ «ቁም፣ ዙር፣ ክንድህን» ሲል፣
መስከረም ጠባና ልጅ ሁሉ ሱሪ አጣ።
የኔም ማሽን ነገር እንዲያው ሆነ፣ ሐምሌ ሲመጣ፤
ዝናቡ በርትቶ፣ ሰልፉ አስፋልት ሲነካ፣
ስክሪኗ ነጭ ሆኖ ቀረ፣ ደክማ ኖሯል ለካ።

ወይዘሮ ትርንጎ፣ የመስኮቱ እመቤት፣
ሃያ ዓመት ሙሉ ስም የጠሩ በአንደበት፣
መነጽር አውልቀው እንዲህ አሉኝ በቀስታ፦
«ልጄ፣ ይህችን ምስኪን ታሯሩጣታለህ ጠዋት ማታ፤
እስቲ ተመልከተው፣ ያ ግንብ ከታች የቆመው፣
ጎብኚ በመጣ ቁጥር ማን ነው የሚገነባው?
አንዴ ተሠራ፣ ቆመ። የመጣ ሁሉ ይየው።»

ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ጥቂት መስመር ጻፍሁ፤
በኛ ቋንቋ ሲፈታ እንዲህ ነበር ያልሁ፦
«ጠያቂ በመጣ ቁጥር መዝገብ ቤት አትውረጂ፤
የሠራሽውን ሰቅለሽ እሱን አሳዪ እንጂ፤
ሰዓት ሲሞላ ብቻ ሌላ ገጽ አበጂ።»

ሲነጋ፣ አይ ፍጥነት! ጥያቄው ሳያልቅ መልሱ፤
ሰልፉ እንደ ጉም ተነነ፣ ዘበኞች ተነፈሱ።
ትርንጎ ሻይ ጋበዙኝ፤ እኔም ኮራሁ፣ ጠጣሁ፣
ግንብ የሠራሁ መስሎኝ ሳምንት ደረቴን ነፋሁ።

ዓርብ፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ስጦታው ከአይከል፣
ጋቢው ዝናብ ጠጥቶ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቱ ያህል፣
ገጹን አነበበ፦
«አዛናው እንየው። ክፍል አራት፣ አልጋ ዐሥራ አንድ።»
ወጣ።

አልጋ ዐሥራ አንድ ላይ ፍራሹ ተገልብጧል፤
የበረኪና ሽታ ወለሉን ሞልቶታል፤
ጽዳቷ አንሶላውን ጠቅልላ ይዛለች።
ሰው እንዲህ ላለ ነገር ትርጉም አይጠይቅም።
አልጠየቀም።
ጋቢውን ራሱ ላይ ሳበ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ፣
ቆይቶ ወረደ፣ መስኮቱን ተደገፈ፣
ደግሞ ጠየቀ። ማሽኔም ሳትሰቀቅ፣ ደግማ፦
«አልጋ ዐሥራ አንድ።»
«ይህች ማሽን ሙት ትቆጥራለች?» አለ።

ትርንጎ እኔን አዩኝ።
የሰቀልሁትን ገጽ ቀደድሁት።
ማሽኗም እንደ ድሮዋ ደረጃውን ወረደች፣
ቁልፍ ፈለገች፣ ስም ከስም አስተያየች፣
ዘገየች፤ ያን ቀን እንደዘገየችው መቼም አልዘገየች፤
ጻፈች፦ «አዛናው እንየው። ተሽሎት ወጥቷል፤ ሁለት ከአርባ።»

ሮጥን።
በሩ አጠገብ፣ ዋንዛው ሥር፣ ፌስታሉን ታቅፎ፣
አዛናው ብስኩት ይበላል፣ ሹራብ ላይ ሹራብ ደርቦ።
ጋቢ ተከናንቦ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ አልፎት ነበር ለካ።
«የት ቆየህ?» አለው ታማሚው፣ ተቆጥቶ፤
«በዚህ ብርድ!»

ያን ማታ አንድ መስመር ጨመርሁ፦
ሰዓት ሞላ አልሞላ፣ አልጋ በተነካ ቅጽበት
የተሰቀለው ይቀደድ።
«ግንቡም እኮ ይጠገናል» አሉ ትርንጎ፣
«እንጨት ተረብርቦበት አላየህም?»
ይህን ያኔውኑ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት።

እኔ ግን ትዝ የሚለኝ ስጦታው ነው፦
ወንድሙን አቅፎ እየሳቀ፣ ጥርሱ ሁሉ ወጥቶ፣
እንባው መውረዱን አልተወም፣
ግንባሩ እንደ ለቀስተኛ ተኮማትሮ፤
ሳቁ የአሁን፣ ገጹ የቅድም፤
ገና አልታደሰም።