የካሳነሽ ፋይል

ቂርያት ጋት አደገች።
አምና ስንዴ የታጨደበት፣ ዘንድሮ አሥራ ሁለት ፎቅ በቀለበት፤
ክሬኑ አንገቱን አስግጎ ያድራል፣ ቀይ መብራት እየበራበት።
ያላደገው መንገዱ ነው፤
ያ አርባ ቁጥር፣ ሲሚንቶ የጫነው፣ ሰው የጫነው፣
እንቅልፉን ያልጨረሰ ሁሉ የሚጋፋው።

ጎህ ሳይቀድ ነው ነገሩ።
ሚኒባሱ አሥር ሴቶች ይዞ ወደ ፋብሪካው ሲበር፣
ካሳነሽ ሦስተኛው ወንበር፣
ራሷን ከመስታወቱ አስደግፋ፣ የጽዳት ጓንቷን በጉያዋ ይዛ ነበር።
ከዚያ ወዲያ ያለውን አታውቀውም።
«አንድ እግር ጫማዬስ?» ብላ መጠየቋን እንጂ
ሌላው አይታወሳትም።

እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ በሰዓት የምከፈል፣
የሰው ቁስል በምላሴ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ የማዝል።

ጠበቃው ኦፌር ይባላል፤ ልጅ እግር ነው፣ ሱፉ ሰፍቶታል።
«ጥፋቱ የማን ነው አይሉሽም» አላት፣ «ሕጉ እንዲያ ይላል፤
ሾፌሩም ያጥፋ፣ ሌሊቱም ያጥፋ፣
አንቺ ተጎድተሻል፣ መድኑ ይከፍላል።
የኔ ድርሻ ሳንካሰስ ካለቀ ከመቶ ስምንት፤
ከከሰስን ግን ከፍ ይላል።»
ጣቷን ቆጠረች።
«ያባቴ ባለመሬት እርቦ ይወስድ ነበር» አለች፣ «ይኼስ ሰው ነው፣ ይሻላል።»

ከዚያ ሕመሟን ጠየቃት።
«ወገቤን ይጠዘጥዘኛል።»
«ኮኤቭ» አልኩት። ያማታል።
«ትከሻዬን ይወጋኛል፣ ሲመሽ ይነዘንዘኛል።»
«ኮኤቭ» አልኩት።
«እግሬን ያደነዝዘኛል፣ ደግሞ ይቆጠቁጠኛል።»
«ኮኤቭ፣ ኮኤቭ።»
በቁና አምጥታልኝ በጣሳ ሰፈርኩት።

ከወራት በኋላ ቢኤር ሼቫ፣ ፍርድ ቤት ከሾመው ሐኪም ፊት።
ደግ ሰው ነበር፤ ወንበር ሳበላት።
«ዛሬ እንዴት ነሽ?» አላት።
እሷም ጥርሷን ነክሳ፣ ብድግ ብላ፣
ሻሿን አስተካክላ፣
«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። እርስዎስ? ልጆችዎስ?» አለችው።
ተረጎምኩት፣
ቃል በቃል፣ አንድ ፊደል ሳላጎድል።
እሱም ጻፈው፣ አንድ ፊደል ሳያጎድል፦
«ታማሚዋ ደኅና መሆኗን ትናገራለች።
ያለ ድጋፍ ተነሥታለች።»

ከመቶ አምስት ሰጣት።

ኦፌር ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ
«ለምን እንዲህ አለች?» አለኝ፣ ፊቱ ተቀይሮ።
ለምን?
እኛ ዘንድ ልጁን የቀበረ ሰው ለቅሶ ላይ ተቀምጦ ደኅና ነኝ ይላል።
ደኅና ነኝ በር መክፈቻ ነው፤ ከውስጥ ያለውን ማን ያያል?
ይህን ግን ያን ቀን አላልኩም።
«ያለችውን ነው ያልኩት» ብዬ ወጣሁ።
ሌሊቱን አልተኛሁም።

ሲነጋ አንድ ገጽ ጻፍኩ፣ በዕብራይስጥ፣ ለሐኪሙ ከሚላከው ጥያቄ ጋር፦
ጠዘጠዘ፣ ዝናቡን ከሬዲዮ ቀድሞ የሚያውቅ የአጥንት ሕመም።
ቆጠቆጠ፣ ቃሪያ የነካው ቁስል።
ነዘነዘ፣ እንደ አበዳሪ፣ ተኝተሽም የሚቀሰቅስሽ።
ደኅና ነኝ፣ ሰላምታ ነው፤ በማስረጃነት አይያዝ።

አንብቦ ዝም አለ።
«ስሟስ ምን ማለት ነው?» አለኝ ቆይቶ።
ነገርኩት፦ ታላቅ ወንድሟ በኩፍኝ ሞቶ፣
እናቷ እሷን ስትወልድ «ካሳዬ ነሽ» ብላ ያወጣችላት።
ካሳ በእናንተ ቋንቋ ፒጹዪም ነው አልኩት፣
እዚህ ፋይል ላይ ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ቁጠረው።
የሚስቅ መስሎኝ ነበር። አልሳቀም።

ፋይሉ እስካሁን አልተዘጋም።

ባለፈው ረቡዕ ገበያ አገኘኋት፣ ዘንቢሏን ባልታመመው እጇ ይዛ።
«እንዴት ነሽ?» አልኳት፤ ከአፌ አመለጠኝ።
ግራ ቀኝ አየች፣ ሐኪም የሚሰማት መስሏት።
«በአማርኛ ነው» አለችኝ፣ «ወይስ ለፋይሉ?»