ገና ነው

አባቴ ጡረታ ሲወጣ ከባቡር፣
ለሠላሳ ዓመቱ ከተሰጠው ነገር
ወረቀቱ ጠፋ፣ ሰዓቱ ቆመበት፤
አንድ ፋኖስ ብቻ ዘለቀች ከኛ ቤት፤
ባለ ሦስት መስታወት፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣
እጀታዋ ላልቶ የምትንቋቋ አንዳንዴ።

በኅዳር ዐሥራ አምስት፣ ጾም ሲገባ ቤታችን፣
እናቴ ስታሽግ የቅቤ ጠርሙሷን፣
ፋኖሷን ይወለውል ነበር በሸሚዝ እራፊ፣
ባመድና በሎሚ፣
ተረኛ ይመስል፣ ባቡር አሳላፊ።
አይለኩሳትም ግን። በሩ ምስማር ላይ
ትሰቀላለች፣ የስብከት እሑድ እስኪታይ።

ሦስቱ እሑዶች የሱ ጣቢያዎች ነበሩ።

በስብከት፣ ቀይ፦
"ቁሙ! ነቢያቱም እንዲህ ነበር የኖሩ፣
ጆሯቸውን ሐዲድ ላይ ጥለው ያደሩ፤
ከሽንሌ ወዲያ፣ ጭሱ ሳይታይ፣
የብረቱን ትርታ የሰሙ ከሩቅ ላይ።"
በብርሃን፣ ቢጫ፦
"ቀርቧል። ልብ በሉ።"
በኖላዊ፣ አረንጓዴ፦
"መስመሩ ክፍት ነው፤
እረኛው ይግባ፣ የሚያግደው የለው።"

በታኅሣሥ ድሬዳዋ አንሶላ ትደርባለች፤
ብርዷ ያቺው ናት፣ ከዚያ በላይ አታውቅም።
በቀዩ ብርሃን ውስጥ ሽሮው ወጥ ይመስላል፣
ትንሹ ናሆም፣
የነቢይ ስም ይዞ ትዕግሥት የተነፈገው፣
እንጀራውን ይዞ ይጠይቃል፦
"መቼ ነው?"
እናቴ ከጓዳ፦ "ገና ነው።"
"እኮ ገና መቼ ነው?"
"ገና ነዋ!"
አባቴ ትን እስኪለው ይስቃል።

ጎረቤት ዘይቱና ደግሞ፣ ጾማችንን
ከኛ አጥብቃ የምትቆጥር፣
"ስንት ቀራችሁ?" ትላለች በአጥሩ አናት፣
የምስር ሳምቡሳ በሳህን ስታሻግር፤
"ዘይቱ አዲስ ነው፣ ሥጋ አልነካውም፣ ወላሂ!"

ይኸው ባቡሩ ከቆመ ስንት ዓመቱ።
አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ሸሽቶ ሜዳ ላይ ተሠራ፤
በአሮጌው ሐዲድ ላይ ፍየል ያመሰኳል፣
ልጆች የላስቲክ ኳስ ያንከባልላሉ።
አባቴ ግን በየስብከቱ ቀዩን ይለኩሳል።

ዘንድሮ
ቀኑ ተምታታበት።
መጀመሪያ መነጽሩ ነበር የጠፋበት፣
ቀጥሎ የከዚራ መንገድ፣
ቀጥሎ የኔ ስም።
ናሆምን፣ አሁን ጢም ያወጣውን፣
በሞተው ወንድሙ ስም ይጠራዋል፤
ናሆምም "አቤት" ይላል።

በስብከት እሑድ ማታ ተሰብስበን ስንጠብቅ፣
እጁ በመስታወቶቹ ላይ ዘገየ፣
ከቀዩ ወደ ቢጫው፣ ከቢጫው ወዲያ፣
ከዚያ ክብሪቱን ጫረ፣
ቤቱ በሙሉ አረንጓዴ ሆነ።

ተያየን።
ሁለት ሳምንት ይቀራል ለኖላዊ።
ናሆም ሊያርም ብድግ አለ፦
"አባ፣ ገና ነው።"

አባቴ ቀና አለ።
ዓይኑ ውስጥ ሁለት ትናንሽ መብራቶች፣
ጥርስ የሌለው ድዱ ሳይቀር በርቶ፦
"ገና ነው?"

እናቴ የናሆምን ክንድ ያዘች።
ያንኑ ቃል አለችው፣
በሌላ ድምፅ፦
"ገና ነው፣ ወንድይራድ። ገና ነው።"

ፋኖሷን ይዞ ወጣ በረንዳ፣
ቀስ አድርጎ ያወዛውዛት ጀመር፣
ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣
መንገዱ ላይ ከቆመ አንድ ባጃጅ በቀር ምንም በሌለበት።
ባለ ባጃጁ ክላክስ ነፋለት።

ጾሙን አልገደፍንም። ቅቤው እንደታሸገ ነው፤
ዘይቱናም "ስንት ቀራችሁ?" ማለቷን አልተወችም።
ፋኖሷን ግን የነካት የለም፤
ሦስቱንም ሳምንት አረንጓዴ ሆና አመሸች።

እኔ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣኝ
ነጠላዬን ደርቤ እስከ ሐዲዱ ሄድኩ።
ፍየሎቹ ዞር ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።
ተንበርክኬ ጆሮዬን ብረቱ ላይ አኖርኩ።

ቀዝቃዛ ነበር።
ጆሮዬን አላነሣሁም።